ኬቭ ስቶሪን ዛሬ መልሶ ለመጫወት፦ የማይከፈተው ፎልደር፣ የሚንገጫገጨው ስክሪን፣ ያልታየው መጨረሻ

ጥያቄ፦ «ኬቭ ስቶሪን ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት ከጓደኛዬ በፍላሽ ተቀብዬ ጨርሼው ነበር። መጨረሻው ላይ ከካዙማ ጋር ዘንዶ ላይ ተሳፍረን ደሴቲቱን ጥለን ሄድን። ሰሞኑን እንደገና አውርጄ ዴስክቶፕ ላይ ‹የድሮ ጌሞች› በሚል ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩት። ዊንዶውስ 11 ነው፤ ስከፍተው ምንም ሳይል ይዘጋል። ወንድሜ ላፕቶፕ ላይ ይከፈታል፣ ግን ገጸ ባሕሪው ሲሮጥ ምስሉ ይንገጫገጫል፤ ስክሪኑን ሙሉ ሳደርገው ደግሞ ይጠቁራል። የ1980ዎቹ ጌም ስለሆነ ኢሙሌተር ያስፈልገዋል? ወይስ ኬቭ ስቶሪ ፕላስን ልግዛ? እውነተኛው መጨረሻ ያለው የሚሸጠው ላይ ብቻ ነው የሚባለውስ እውነት ነው?»

መልስ፦ ኢሙሌተር (የድሮ ጌም ማሽንን የሚያስመስል ፕሮግራም) አያስፈልግም። የ1980ዎቹም ጌም አይደለም። ኬቭ ስቶሪ በፈረንጆች አቆጣጠር ዲሴምበር 20 ቀን 2004 በነጻ የተለቀቀ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ጃፓናዊው ዳይሱኬ አማያ፣ «ፒክስል» በሚለው ቅጽል ስሙ የሚታወቀው፣ በትርፍ ጊዜው አምስት ዓመት ያህል ብቻውን ሠራው፤ ታሪኩን፣ ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን፣ ሙዚቃው የተቀናበረበትን ፕሮግራም ሳይቀር። የድሮ መልክ ያለው ሠሪው እንደዚያ ስለፈለገው እንጂ የዘመኑ ኮምፒውተር አቅም ስላነሰው አይደለም። ስለዚህ መፈለግ ያለብዎት የአሮጌ ጌም ማሽን መድኃኒት ሳይሆን የ2004 የዊንዶውስ ፕሮግራም መድኃኒት ነው። ያወረዱት ነጻው ቅጂ ከሆነ የሰረቁትም ነገር የለም፤ ፈጣሪው ራሱ በነጻ የሰጠው ነው።

የማይከፈትበት ምክንያት የፎልደሩ ስም ነው። ፕሮግራሙ «የት ነው ያለሁት?» ብሎ ዊንዶውስን የሚጠይቀው በአሮጌው የፊደል ሰንጠረዥ መንገድ ነው። የግእዝ ፊደል ደግሞ ከእነዚያ አሮጌ ሰንጠረዦች በአንዱም ውስጥ ቦታ የለውም። «የድሮ ጌሞች» የሚለው ስም ለፕሮግራሙ ሲደርስ የጥያቄ ምልክት ድርድር ብቻ ይሆናል፤ በዚያ ስም የዳታ ፎልደሩን ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ይዘጋል። የወንድምዎ ላፕቶፕ ላይ የሠራው ምናልባት ፎልደሩ በላቲን ፊደል ስለተሰየመ ነው። የዊንዶውስ መግቢያ ስምዎ ራሱ በአማርኛ ከሆነ ዴስክቶፕ ላይም ሆነ ዶክመንትስ ውስጥ የትም ቢያስቀምጡት ውጤቱ ያው ነው፤ መንገዱ በስምዎ በኩል ያልፋልና።

ሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ፣ በላቲን ፊደል የተሰየመና ክፍተት የሌለው አጭር ስም ያለው ፎልደር ይፍጠሩ። ዚፑን እዚያ ይፍቱት። ማስነሻው ዶኩትሱ፣ ማስተካከያው ዱኮንፊግ እና ዳታ የሚባለው ፎልደር ሦስቱም ጎን ለጎን መሆናቸውን ይዩ። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አያስገቡት፤ ጌሙ ሴቭ የሚያደርገው እዚያው ጎኑ ላይ ፕሮፋይል የሚባል ፋይል እየጻፈ ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ መጻፍን ይከለክላል። ዚፑን ሳይፈቱ ከውስጡ ጠቅ ማድረግም ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። ሲከፈት ጽሑፉ የተመሰቃቀለ ምልክት ከሆነ በእጅዎ ያለው ዋናው የጃፓንኛ ቅጂ ነው ማለት ነው፤ ኤዮን ጄኔሲስ የተባለው ቡድን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመውን ይውሰዱ።

የሚጠቁረው ስክሪን ቀላል ነው። ጌሙ የሚስለው በዳይሬክትድሮው ነው፤ ያ ቴክኖሎጂ በዛሬው ዊንዶውስ በሙሉ ስክሪን ሲሠራ ብዙ ጊዜ ይሰናከላል። ዱኮንፊግን ከፍተው ከሙሉ ስክሪን ምርጫዎቹ አውጥተው በመስኮት 640 በ480 የሚለውን ይምረጡ። የግድ ሙሉ ስክሪን ከፈለጉ ሲኤንሲ ዲድሮው ወይም ዲጂቩዱ ከሚባሉት አስማሚዎች አንዱን አውርደው የዲድሮው ፋይሉን ከማስነሻው ጎን ያስቀምጡ። ዲጂቩዱን ከመረጡ ባለ 32 ቢቱን ይውሰዱ፤ ጌሙ ባለ 32 ቢት ስለሆነ ባለ 64 ቢቱን አይቀበልም፣ ሰው «ሞክሬው አልሠራም» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ስለ ስክሪን ካነሳን አይቀር፣ ምስሉን ሲያሳድጉ በሙሉ ቁጥር ብቻ ያባዙት። ጌሙ የተሳለው በ320 በ240 ነጥብ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ የካርታ ጡብ 16 በ16 ስለሆነ ስክሪኑ ላይ በአግድም 20፣ በቁም 15 ጡብ ይታያል። 1366 በ768 የሆነ ላፕቶፕ ላይ በሦስት ሲባዛ 960 በ720 ይሆናል፤ ከላይና ከታች 24 ነጥብ ጥቁር ይተርፋል። 1920 በ1080 ላይ በአራት ተባዝቶ 1280 በ960 ይሆናል፣ ከላይና ከታች 60 ይተርፋል። ያንን ጥቁር ክፍተት ለመሙላት ብለው ቢለጥጡት አንዱ ነጥብ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ይሆንና ገጸ ባሕሪው በተራመደ ቁጥር ፊቱ የሚቀያየር ይመስላል። ወደ ጎን መለጠጥማ ጨርሶ አይሞከርም።

መንገጫገጩ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም የተሳሳተ መድኃኒት የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ኬቭ ስቶሪ በሴኮንድ 50 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ነው የሚሠራው፤ አንዱ ፍሬም 20 ሚሊሴኮንድ ማለት ነው። ላፕቶፕዎ በሴኮንድ 60 ጊዜ ያድሳል። 50ውን በ60 ውስጥ ለማዳረስ ከየአምስቱ ፍሬም አንዱ ሁለት ጊዜ መታየት አለበት፤ በሴኮንድ አሥር ጊዜ እንቅስቃሴው ለቅጽበት ቆም ይላል። ቆመው ሲያወሩ አይታወቅም፤ ሲሮጡ ግን ጀርባው ሁሉ ይንገጫገጫል። ኮምፒውተርዎ አልደከመም፤ የግራፊክስ ካርድ ቢቀይሩም ለውጥ የለውም። ስክሪንዎ 50 ወይም 100 ኸርዝ ከተቀበለ ችግሩ እዚያው ያልቃል፤ የጌሙን ፍጥነት የሚከተል፣ ፍሪሲንክ ወይም ጂሲንክ ያለው ስክሪን ካለዎትም እንዲሁ። አብዛኛው ላፕቶፕ ግን ሁለቱንም የለውም።

ለዚያ የሚሆነው ዶኩትሱ አርኤስ ነው፤ ጌሙን ከነጻው ቅጂ ዳታ ላይ የሚያስኬድ፣ በአድናቂዎች እንደ አዲስ የተጻፈ ሞተር ነው። ቅንብሩ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ምርጫዎች አሉ፤ አያምታቷቸው። አንደኛው በፍሬሞች መካከል ያለውን እንቅስቃሴ የሚያለሰልስ ነው፤ የጌሙ ስሌት በ50 እንደሆነ ይቀጥላል፣ የሚለሰልሰው የሚታየው ብቻ ነው። ይህንን ያብሩት። ሁለተኛው የጌሙን ስሌት ራሱን ከ50 ወደ 60 ያወጣዋል። ያኔ የዝላዩ ቅርጽ ባይቀየርም ሁሉም ነገር ከመቶ 20 እጅ ይፈጥናል፤ ጠላቱም፣ ጥይቱም፣ ሙሉ ዝላዩም። አማያ የለካው በ50 ነው። ጣትዎ የለመደውም እሱን ነው፤ እዚያው ይተዉት።

መቆጣጠሪያው ላይ ሦስት ነገር ያደናቅፋል። መዝለያው ዜድ፣ መተኮሻው ኤክስ፣ መሣሪያ መቀያየሪያው ኤ እና ኤስ ነው። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በርቶ ከሆነ እነዚህን ቁልፎች ከጌሙ በፊት ሊጠልፋቸው ይችላል፤ ጌሙን ከመክፈትዎ በፊት ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት። ሁለተኛ፣ ርካሽ የላፕቶፕ ኪቦርድ ሦስት አራት ቁልፍ ባንድ ላይ ሲጫኑ አንዱን ይውጣል፤ ወደ ግራ እየሮጡ፣ ወደ ላይ እያነጣጠሩ፣ እየዘለሉ ሲተኩሱ ጥይቱ አልወጣ ካለ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ዱኮንፊግ ላይ የተለየ የቁልፍ አደራደር ይሞክሩ ወይም የውጭ ኪቦርድ ይሰኩ። ሦስተኛ፣ ነጻው ቅጂ ከጆይስቲክ የሚያነበው የዘንጉን እንቅስቃሴና ቁልፎቹን ነው፤ የመስቀሉን አቅጣጫ ቁልፍ አያየውም። ጆይቱኪ በመሰለ ፕሮግራም መስቀሉን ወደ ኪቦርድ ቀስቶች ማዞር ይፈታዋል።

ፕላስን ይግዙ? ለዚህ ሲሉ አይግዙ። ኒካሊስ የተባለው ኩባንያ ጌሙን በ2010 ለኒንቴንዶ ዊ፣ በ2011 ፕላስ በሚል ስም ለኮምፒውተር፣ በ2017 ለስዊች አወጣው። የተጨመረው በእጥፍ ጥራት እንደገና የተሳለ ምስል፣ አዳዲስ የሙዚቃ ቅንብር፣ የክብደት ደረጃ ምርጫ፣ ኩርሊ የተባለችውን ሮቦት ሆኖ የመጫወት ዕድል፣ የቦስ ፍልሚያዎች ብቻ የተደረደሩበት ውድድርና የመሳሰለው ነው። ከአንድ በላይ የሴቭ ቦታም አለው። ስዊቹ ላይ ለሁለት ሰው መጫወትም ይቻላል፤ ከወንድምዎ ጋር ለመጫወት ካሰቡ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ታሪኩ፣ ካርታውና መጨረሻዎቹ ግን ነጻው ላይ ሙሉ ናቸው። እውነተኛው መጨረሻ የሚሸጠው ላይ ብቻ ነው የሚባለው ሐሰት ነው፤ ከ2004 ጀምሮ እዚያው ውስጥ አለ። ፕላስን የገዛ ሰው ደግሞ በቀጥታ ከባዱ ደረጃ ላይ አይግባ፤ በዚያ ደረጃ የሕይወት መጨመሪያዎቹ ስለሚነሡ በጀመሩባት 3 ነጥብ ሕይወት እስከ መጨረሻው መሄድ ነው።

ከዚህ በታች ታሪኩ ይገለጣል፤ ራስዎ ሊደርሱበት ከፈለጉ ያቁሙ።

ጨረስኩት ያሉትን ጌም አልጨረሱትም። ካዙማ «እንሽሽ» ሲልዎት እሺ ማለትዎ ጌሙን ከነታሪኩ መንገድ ላይ ትቶ መሄድ ነው፤ ጌሙም ጽሑፉን አሳይቶ ያሰናብትዎታል። ተክል ማሳውን፣ የመጨረሻውን ዋሻ፣ ዋናው ጠላት ከሆነው ዶክተር ጋር ያለውን ፍልሚያ አላዩም ማለት ነው። መካከለኛው መጨረሻ ዶክተሩንና ከእሱ ቀጥሎ የሚነሣውን ኮር (ደሴቲቱን በአየር ላይ የሚያቆያትን ፍጡር) አሸንፎ ከምትወድቀው ደሴት ማምለጥ ነው። እውነተኛው ሦስተኛው ነው፦ ከዚያ ማምለጫ መንገድ ላይ ካለችው ትንሽ ቤት ገብቶ ወደ ታች መውረድና የመጨረሻውን ጠላት ባሎስን መግጠም። ወደዚያ የሚያስገባው ጉልበት ወይም የመሣሪያ ሌቭል ሳይሆን ቀደም ብለው፣ ምንም ምልክት ሳይሰጥዎት፣ የወሰዷቸው ውሳኔዎች ናቸው። ጌሙ እዚህ ላይ ጨካኝ ነው፤ ከብዙ ሰው ጋር ያጣላውም ይኸው ነው።

ስለዚህ አስቀድመው አንድ ልማድ ይያዙ። ነጻው ቅጂ ያለው አንድ የሴቭ ቦታ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ወሳኝ ቦታ በፊት ጌሙን ዘግተው ፕሮፋይል የሚለውን ፋይል ወደ ሌላ ፎልደር ቅዱትና ስሙን በቦታው ይሰይሙት። ከተሳሳቱ መልሰው ይለጥፉታል፤ ይህን ያላደረገ ሰው አንዷን ዝላይ ስቶ ጌሙን ከዜሮ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ውሳኔ አሸዋማው ዞን ላይ ነው። ኩርሊን ካሸነፏት በኋላ የመጀመሪያ መሣሪያዎን ፖላር ስታርን በማሽን ገን እንድትለውጥልዎ ትጠይቃለች። እምቢ ይበሉ። ላብሪንት ውስጥም ፖላር ስታርንና ፋየርቦልን አዋህደው ስኔክ የሚባለውን እንዲወስዱ ይቀርብልዎታል፤ እሱንም እንዲሁ። ፖላር ስታርን ጠብቀው ከቆዩ፣ በኋላ ከተክል ማሳው ወደ አርተር ቤት የሚመለሱበት ጊዜ ሲመጣ፣ ጌሙ ወደተጀመረበት ዋሻ ተመልሰው መጀመሪያ መሣሪያውን ሳይጠይቁ የወሰዱበትን ባለቤት ያገኙታል። እሱ መሣሪያውን ጨርሶ ስፐር አድርጎ ይሰጥዎታል፤ ቁልፉን ይዘው በቆዩ ቁጥር የሚጠነክር፣ ጥይት የማያልቅበት መሣሪያ ነው። ስፐር ለእውነተኛው መጨረሻ ግዴታ አይደለም፤ መጨረሻው ቦታ ላይ ግን ከሱ የሚሻል የለም።

ሁለተኛው ላብሪንት ውስጥ ያለችው ገደል ናት፤ ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ነው። ፕሮፌሰር ቡስተር ከላይ ወድቆ ገደሉ ሥር ያርፋል። ደግነት የተሰማው ሰው ወርዶ ያናግረዋል፤ እሱም ቡስተር 0.8 የሚባለውን በአየር ላይ የሚያስወነጭፍ የጀርባ ሞተር ሰጥቶት ይሞታል። በቃ፣ እውነተኛው መጨረሻ እዚያ ላይ ተዘጋ። ማድረግ ያለብዎት ገደሉን ዘልሎ ማለፍ ነው፤ ካላናገሩት ይተርፍና በኋላ አርተር ቤት ውስጥ ቡስተር 2.0ን ይሰጥዎታል። ዝላዩ ጠባብ ነው። ከሩቅ ተንደርድረው፣ የጡቡ የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ይዝለሉና ዜድን እስኪያርፉ አይልቀቁ። ቁልፉ ተይዞ እየወጡ እያለ ጌሙ በየፍሬሙ የሚጨምረው ስበት 32 ነው፤ ሲለቁት 80 ይሆናል (512ቱ አንድ የስክሪን ነጥብ ነው)። ቀድሞ መልቀቅ ማለት ዝላዩን በአየር ላይ መቁረጥ ማለት ነው። ማሽን ገን ያለው ሰው ሌቭል 3 ላይ ወደ ታች እየተኮሰ ተንሳፍፎ ያልፈዋል፤ ይህ መሣሪያ የሚበልጠው እዚህች ቦታ ላይ ነው። እርስዎ ግን የተቀዳ ሴቭ ስላለዎት ሃያ ጊዜም ቢስቱ ግድ የለም።

ከዚያ የሚመጡት በተርታ ነው። በኮሩ ክፍል ወለል ላይ የምታብለጨልጭ ነጥብ አለች፤ መጎተቻ ገመዱ ነው፣ ከክፍሉ ሳይወጡ ይፈልጉት። ቡስተር 0.8ን የወሰደ ሰው አያገኘውም። ክፍሉ በውኃ ሲሞላ ኩርሊ የራሷን የአየር ታንክ ሰጥታዎት ትሰጥማለች፤ በገመዱ ከራስዎ ጋር ያስሯት። በውኃው መተላለፊያ መንገድ ላይ አንዲት ጎጆ አለች፤ ይግቡ። መጀመሪያ የመጽሐፍ መደርደሪያውን ያንብቡ፣ ከዚያ ውኃውን ከውስጧ ያውጡ፣ ከዚያ መልሰው ይሸከሟት። መደርደሪያውን ሳያነቡ ማፍሰሱ አይመጣም፤ ሳይሸከሟት መውጣትም የተለመደ ስህተት ነው። (መንገዱ መጨረሻ ላይ ያለውን አይረንሄድን አንድም ሳይመታዎት ካሸነፉት ሜዳልያ ያገኛሉ፤ ከኩራት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።)

ኩርሊን ተክል ማሳው ላይ ያገኟታል፤ ስምዎን አታስታውስም። መድኃኒቷ በሚሚጋ መንደር መቃብር ስፍራ ያለው ማ ፒኞን የሚባል እንጉዳይ ነው። ሲያናግሩት መጀመሪያ ባጅ ይሰጥዎታል፤ የሚፈለገው ባጁ አይደለም። ደጋግመው ያናግሩት፣ ይጣላዎታል፣ ያሸንፉት፣ እንጉዳዩን ለኩርሊ ያብሏት። ትዝታዋ ሲመለስ የብረት ማሰሪያ የሚባለውን ዕቃ ትሰጥዎታለች። እሱና ቡስተር 2.0 በኪስዎ ካሉ የመጨረሻው በር ይከፈታል።

ሌላ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የልጅነት መሣሪያዎ ደካማ መስሎ የታየዎት በተመቱ ቁጥር ሌቭሉ ስለሚወርድ ሊሆን ይችላል። ጠላት ሲሞት የሚበተኑት ቢጫ ሦስት ማዕዘኖች መሣሪያውን እስከ ሌቭል 3 ያሳድጉታል፣ ምት ደግሞ ይመልሰዋል። የዚህ ተቃራኒ የሆነ አንድ መሣሪያ ብቻ አለ፤ ብሌድን ሰጥተው ከሚስተር ሊትል የሚለውጡት ኔሜሲስ። እሱ ኃይለኛ የሚሆነው ሌቭል 1 ላይ ነው፤ ሌቭል 3 ሲደርስ የሚተኩሰው የጎማ ዳክዬ ነው። ኔሜሲስን ይዘው ሦስት ማዕዘኖቹን አይልቀሙ።

ወደ ባሎስ ከመውረድዎ በፊት እዚያች ትንሽ ቤት ውስጥ ሴቭ ያድርጉ፣ ፋይሉንም አንድ ጊዜ ይቅዱት። ከዚያ በታች ኩርሊ ከጀርባዎ ሆና ትተኩሳለች፤ ከላይ የሚወድቁት ድንጋዮች ግን ለእርስዎ ናቸው፣ ስለዚህ ከመተኮስ በፊት ወደ ላይ ይመልከቱ።